ኢናላፕሪልና ወንድሞቹ፦ ሳሉም፣ ፖታሲየሙም፣ የከንፈር እብጠቱም ከአንድ ኢንዛይም ነው

ባለባንኮኒ · ማክሰኞ 2፡10 ምሽት

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ መድረክ ላይ የደም ግፊት ኪኒኑ ኢናላፕሪል በተነሳ ቁጥር አንዱ «ያስላል» ይላል፣ ሌላው «ኩላሊት ይጎዳል»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ኧረ ኩላሊት ይጠብቃል» ብሎ ይሟገታል። ሦስቱም እውነት አላቸው። የተጣሉ የሚመስሉት አሠራሩን ዘለን ጉዳቱን ብቻ ስለምንቆጥር ነው። አሠራሩን እኔ ላስቀምጥ፤ የክሊኒክና የላብራቶሪ ሰዎች የጎደለውን ሙሉበት።

ግፊት ሲወርድ ወይም ሰውነት ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ሬኒን የሚባል ኢንዛይም ወደ ደም ይለቃል። ጉበት በበኩሉ አንጂዮቴንሲኖጅን የሚባል ረጅም ፕሮቲን እያመረተ ወደ ደም ያስገባል። ሬኒን ከዚያ ፕሮቲን ጫፍ ላይ 10 አሚኖ አሲድ ያላት ቁራጭ ይቆርጣል፤ አንጂዮቴንሲን አንድ ትባላለች። ብቻዋን ይህ ነው የሚባል ጉልበት የላትም። የደም ሥሮችን ውስጠኛ ግድግዳ የለበሱ ሴሎች ላይ የተቀመጠ ሌላ ኢንዛይም አለ፣ በአጭሩ ኤሲኢ የሚባለው። እሱ ሁለት አሚኖ አሲድ ቆርጦ ሲጥልላት ባለ 8ቷ አንጂዮቴንሲን ሁለት ትሆናለች። ጉልበተኛዋ ይቺ ናት። ደም ቅዳዎችን ታኮማትራለች፣ ጥማት ትቀሰቅሳለች፣ ከኩላሊት ራስ ላይ የተቀመጠችውን አድሬናል እጢ አልዶስቴሮን እንድታመነጭ ታዛለች። አልዶስቴሮን ደግሞ ኩላሊትን ሶዲየም እንዲይዝና ፖታሲየም እንዲጥል ያደርጋል። ሶዲየም ሲያዝ ውሃ አብሮ ይያዛል። የጠበበ ቧንቧና የበዛ ፈሳሽ ሲገናኙ ግፊቱ ይወጣል።

እነ ካፕቶፕሪል፣ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ራሚፕሪልና ፔሪንዶፕሪል፣ ባጠቃላይ ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያልቅ ሁሉ፣ የሚይዙት ይህን ኤሲኢ ነው። ኢንዛይሙ መሃሉ ላይ ዚንክ አለው፤ ስለቱ እሱ ነው። መድኃኒቱ ዚንኩ ላይ ይለጠፍና ስለቱን ይሸፍናል። ካፕቶፕሪል የሚለጠፈው በድኝ ነው፤ አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ወይም ጣዕም ማጣት አልፎ አልፎ የሚያመጣውም በዚሁ ድኝ የተነሳ እንደሆነ ይታመናል።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ኤሲኢ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ከላይ የነገርኳችሁ ነው። ሁለተኛው ብራዲካይኒን የሚባለውን የደም ሥር አስፊ ንጥረ ነገር እየሰባበረ ማስወገድ። ስለቱ ሲሸፈን ሁለቱም ሥራ ይቆማል። አንጂዮቴንሲን ሁለት ያንሳል፣ ብራዲካይኒን ይከማቻል። ግፊቱ የሚወርደው በሁለቱም በኩል ነው፤ ችግሮቹም ከሁለቱም ይመጣሉ። ደም ውስጥ ፖታሲየም ከፍ ማለትና የኩላሊት ማጣሪያ መድከም ከመጀመሪያው ነው። ደረቅ ሳልና የከንፈር እብጠት ከሁለተኛው። ይህን የያዘ ሰው የጎንዮሽ ጉዳት ዝርዝሩን መሸምደድ አያስፈልገውም።

አወሳሰዱን ባጭሩ፦ ኢናላፕሪል ሲጀመር ለአዋቂ በቀን 5 ሚሊግራም ነው። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ለሚወስድ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ 2.5። በየሁለትና አራት ሳምንቱ እየተለካ ይጨመራል፣ ጣሪያው በቀን 40። ራሱ ኪኒኑ ገና አልነቃም፤ ጉበት ወደ ኢናላፕሪላት ሲቀይረው ነው ሥራ የሚጀምረው። በአንድ ሰዓት ገደማ ይጀምራል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። አንዳንድ ሰው ላይ 24 ሰዓት አይሞላም። ጠዋት ወስዶ በማግስቱ ከመውሰዱ በፊት ሲለካ ግፊቱ ከወጣ፣ መጠኑን ከመጨመር በፊት ያንኑ መጠን ለሁለት ከፍሎ ጠዋትና ማታ መስጠት ይሻላል። 20 በአንዴ የነበረ 10 እና 10 ይሆናል። ምግብ ኢናላፕሪልንም ሊሲኖፕሪልንም አይነካቸውም። ካፕቶፕሪል ግን ከምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ስለሚቀንስ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚወሰደው፤ ያውም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ።


ጤና_መኮንን_ወሎ · ማክሰኞ 2፡48 ምሽት

ጥሩ አድርገህ ከፍተኸዋል። ሳሉን ላስፋው፤ እኛ አገር ሳል ሌላ ትርጉም ስላለው።

የኪኒኑ ሳል ደረቅ ነው። ጉሮሮን እንደ ላባ የሚኮረኩር፣ ማታ ጋደም ሲሉ የሚብስ፣ አክታ የሌለው። ከተጀመረ በቀናት ውስጥም ሊመጣ ይችላል፣ ከወራት በኋላም። ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ ሴቶች ላይ ይበዛል። መጠን መቀነስ ብዙም አይረዳም። የሳል ሽሮፕም ገንዘብ ማባከን ነው። ከ«ፕሪል» ወደ ሌላ «ፕሪል» መቀየርም ትርጉም የለውም፣ ኢንዛይሙ ያው ነውና። የሚቀየረው ወደ «ሳርታን» ነው፦ ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን፣ ካንዴሳርታን። እነሱ ኢንዛይሙን አይነኩም፤ አንጂዮቴንሲን ሁለት የምታርፍበትን መቀበያ ነው የሚዘጉት። ስለዚህ ብራዲካይኒን እንደ ወትሮው ይሰበራል። ኪኒኑ ከቆመ በኋላ ሳሉ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይሄዳል፤ እስከ 3 ወር የሚጎተትበትም አለ። «ካቆምኩ አምስት ቀኔ ነው፣ አልለቀቀኝም» ላለ ሰው ገና ነው ማለት ነው።

ስህተቱ በሁለት አቅጣጫ ነው የሚሠራው። አንደኛው፣ ኢናላፕሪል እየወሰደ የሚያስል ሰው ሦስት ዙር ፀረ ተህዋስ ሲሰጠው፣ ማንም የሚወስደውን መድኃኒት ሳይጠይቀው። ሁለተኛው ይብሳል፦ ሁለት ሳምንት ያሳለውን ሰው «ኪኒኑ ነው» ብሎ መሸኘት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል እዚህ አገር የቲቢ ምርመራ ይገባዋል፣ ኢናላፕሪል ኖረም አልኖረም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም አክታ ካለ ደግሞ ኪኒኑን ለጊዜው እርሱትና አክታ አስመርምሩ። የልብ ድካም ላለበት ሰው ሦስተኛ ጥያቄ ይጨመራል፦ ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ይሆን? ትራስ ደራርቦ የሚተኛ ከሆነና እግሩ ካበጠ መልሱ ከኪኒኑ ጋር አይገናኝም።


ጠያቂው_2 · ማክሰኞ 3፡05 ምሽት

ለእናንተ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ኩላሊትን ይጠብቃል የሚባለው መድኃኒት እንዴት ክሬያቲኒንን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራውን ቆሻሻ) ከፍ ያደርጋል?


ወንፊት · ማክሰኞ 3፡40 ምሽት

ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ብዙ ባለሙያም የሚሰናከልበት ነው።

ኩላሊት ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን ማጣሪያ እንደ ወንፊት አስባት። የምታስገባ ቀጭን ደም ሥር አለች፣ የምታስወጣ ቀጭን ደም ሥር አለች። ወንፊቱ የሚያጣራው በውስጡ ግፊት ሲኖር ነው። አንጂዮቴንሲን ሁለት ከማስገቢያው ይልቅ ማስወጫውን አጥብቃ ትጨመድዳለች። መውጫው ሲጠብ ውስጥ ያለው ደም ይገፋል፣ ማጣራቱም ይቀጥላል። ሰው ደም ሲፈሰው ወይም ሲጠማው ኩላሊቱ የሚተርፈው በዚህ ዘዴ ነው።

የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ግን ወንፊቱ ውስጥ ያለው ግፊት ለዓመታት ከልክ በላይ ይሆናል። ወንፊቱ ይሰፋል፣ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጠባሳ ይሆናል። ኢናላፕሪል ማስወጫውን ያላላዋል። የውስጥ ግፊቱ ይበርዳል፣ የሚያመልጠው ፕሮቲን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. 1993 በካፕቶፕሪል የተሠራው ትልቅ ጥናት ዓይነት አንድ ስኳርና የኩላሊት ጉዳት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህንኑ አሳይቷል፤ ጥቅሙም ግፊት በመውረዱ ብቻ የሚገለጽ አልነበረም።

ዋጋው ይህ ነው፦ የውስጥ ግፊቱ ሲበርድ የሚጣራው መጠንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ይወርዳል፣ ክሬያቲኒን ትንሽ ይወጣል። እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ይጠበቃል፣ መድኃኒት አያስቆምም። ከ1.0 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወደ 1.25 የሄደ ሰው ይቀጥል፣ ይደገምለት። ከ1.0 ወደ 1.6 የሄደ ሰው ግን ይቁም፣ ምክንያቱም ይፈለግ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ የሰውነት ፈሳሽ መቀነስ፣ አብሮ የተወሰደ የሕመም ማስታገሻ፣ ወይም ወደ ሁለቱም ኩላሊት የሚገባው ዋና ደም ቅዳ መጥበብ። በመጨረሻው ሁኔታ መግቢያው ስለተዘጋ ኩላሊቱ የሚኖረው ማስወጫውን ጨምድዶ ነው፤ አንተ ያንን ስታላላበት ወንፊቱ ባዶ ይቀራል። አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰውም የዚያች የአንዷ ደም ቅዳ ከጠበበች ዕጣው ያው ነው።

ስለዚህ መመሪያው፦ ከመጀመር በፊት ክሬያቲኒንና ፖታሲየም፤ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ እንደገና። የመጀመሪያው ምርመራ ከሌለ ሁለተኛው ምንም አይነግርህም፤ 1.5 የሚል ወረቀት ይዘህ ትናንት ስንት እንደነበር ሳታውቅ ትቀመጣለህ።


ቱቦና_መርፌ · ረቡዕ 1፡15 ጠዋት

ከላብራቶሪው ወገን አንድ ነገር። ፖታሲየም 5.9 ብሎ ሲወጣ ኢናላፕሪሉን ከመወንጀላችሁ በፊት ናሙናውን ጠይቁ።

የሰውነት ፖታሲየም አብዛኛው ያለው ሴል ውስጥ ነው፤ ቀይ የደም ሴልም ሙሉ ነው። ናሙናው ውስጥ ሴል ከፈነዳ ፖታሲየሙ ወደ ፈሳሹ ይወጣና ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። የሚፈነዳው ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ፣ ከስሪንጅ ወደ ቱቦ በግፊት ሲገፋ፣ ቱቦው ሲናጥ ነው። ሳይፈነዳም የሚወጣበት መንገድ አለ፦ ክንድ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ሰውየው «ጨብጥ፣ ልቀቅ» ሲባል፣ ወይም ቱቦው በማሽን ሳይሽከረከር (ሴሉ ከፈሳሹ ሳይለይ) ሰዓታት ሲቆይ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላክ ናሙና ዋና ጠላቱ ይህ የመጨረሻው ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየትም አያድነውም፣ እንዲያውም ፖታሲየም ከሴል እንዲወጣ ይረዳል።

ፈሳሹ ወደ ቀይ ያደላ ከሆነ በወረቀቱ ላይ እንጽፋለን፤ ሐኪሞች ግን ቁጥሩን አይተው ማስታወሻውን ይዘሉታል። ሰውየው ምንም ሕመም ከሌለው፣ ክሬያቲኒኑም ደህና ከሆነ፣ በዚያው ቀን ይደገም። ይህ ማለት ግን ከ6 በላይ የሆነን ቁጥር ይዞ እስከ ነገ መጠበቅ አይደለም፤ ወዲያው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይነሳ።


ባለባንኮኒ · ረቡዕ 1፡32 ጠዋት

ይህን ማንም አይነግረንም ነበር፣ ተባረክ። እኔ ፖታሲየምን ከባንኮኒው በኩል ልጨምርበት። አልዶስቴሮን ስላነሰ ኩላሊቱ ፖታሲየም መጣል ሰንፏል፤ በዚያ ላይ ሌላ ፖታሲየም የሚያስቀር ነገር ሲጨመር ነው አደጋው። ስፓይሮኖላክቶን ግልጽ ነው፤ ለልብ ድካም አብሮ ሲታዘዝ ሆን ተብሎ ነው፣ በምርመራ ይከታተሉታል። የሚያመልጠው ኮትሪሞክሳዞል (ባክትሪም የሚባለው ፀረ ተህዋስ) ነው። ለሽንት ኢንፌክሽን ብሎ ባክትሪም የሚጠይቅ አዛውንት ኢናላፕሪል ላይ ከሆነ ሌላ አማራጭ ይፈለግለት። ከውጭ የሚላከው «ለልብ ጥሩ ጨው» የተባለውም ሶዲየሙ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ነው፤ ኩላሊቱ ለደከመና ይህን ኪኒን ለሚወስድ ሰው አይሆንም። ሙዝ፣ ድንች፣ ምስር እያሉ ጤነኛ ኩላሊት ያለውን ሰው ማስፈራራት ግን ተዉ፣ አያስፈልግም።


ሲስተር_ሪያድ · ረቡዕ 4፡20 ጠዋት

ወንፊት ያልካቸውን ምክንያቶች እዚህ ገልፍ ውስጥ በሐምሌ ሙቀት አስቡት። ውጭ የሚሠራ ሰው በላብ ፈሳሹ ያልቃል፣ ጠዋት ኢናላፕሪልና ኤች ሲ ቲ (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ የሚያሸናው መድኃኒት) ወስዷል፣ ማታ ወገቡን ሲያመው ዲክሎፌናክ ይጨምራል። ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊቆም ይችላል። ዲክሎፌናኩ ወንፊቱን በየት በኩል እንደሚመታው ብታብራራው ጥሩ ነው፤ ሰው «የሕመም ማስታገሻ ምን አገናኘው» ይላል።


ወንፊት · ረቡዕ 5፡02 ጠዋት

በትክክል እህቴ። ማስገቢያዋን ከፍቶ የሚያቆያት ፕሮስታግላንዲን ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን የሚዘጉት እሱን ነው። በደህና ቀን ሰውነት ብዙም አይጎዳበትም። ፈሳሽ ባነሰ ቀን ግን ማስገቢያዋ ያለ ፕሮስታግላንዲን ትጠባለች። ማስወጫዋን ኢናላፕሪል አላልቷታል። ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ደግሞ የሚገባውን ደም ራሱን አሳንሶታል። ከሦስት ወገን ወንፊቱ ደረቀ ማለት ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ማስታገሻዎች ጨው ስለሚያስይዙ ግፊቱንም ከፍ ያደርጉታል፣ «ኪኒኑ አልሠራልኝም» ያስብላሉ።

ለወገብና ለጉልበት ሕመም ፓራሲታሞል ይቅደም። ተቅማጥ ወይም ትውከት ለያዘው፣ ምግብና ውሃ መያዝ ላልቻለ ሰው ኢናላፕሪሉንና የሚያሸናውን መድኃኒት ለጊዜው ማቆም፣ በደንብ መብላትና መጠጣት ከጀመረ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ መመለስ። ይህ ሲታዘዝለት አብሮ ሊነገረው የሚገባ ነው። የልብ ድካም ያለበት ከሆነ ግን በራሱ አይወስን፣ በዚያው ቀን ሐኪሙን ያማክር። የአራዳ ልጅ ሁሉ ዲክሎ ያለ ማዘዣ ገዝቶ ሲወጋ ነው ችግሩ።


ተጠራጣሪ · ረቡዕ 1፡50 ምሽት

ሁላችሁም ስለ ጉዳቱ ትተነትናላችሁ፣ መሠረቱን ግን ዘለላችሁት። ጥቁር ሰው ላይ ይህ መድኃኒት አይሠራም ይባል የለ? ታዲያ በየጤና ጣቢያው ለምን ይታዘዛል?


ወንፊት · ረቡዕ 2፡35 ምሽት

«አይሠራም» አይደለም፣ «ለብቻው ሲሆን ደከም ይላል» ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ብዙ ታማሚዎች ላይ የሬኒን መጠን ዝቅ ያለ ነው፣ ግፊቱ ይበልጥ የሚመጣው ከጨውና ከፈሳሽ መያዝ ነው። መጀመሪያውኑ ባልነደደ እሳት ላይ ውሃ ብታፈስ ብዙ አይታይም። እ.ኤ.አ. 2002 ውጤቱ የወጣው ኦልሃት የተባለው የአሜሪካ ጥናት ሊሲኖፕሪልን፣ የደም ሥር የሚያሰፋውን አምሎዲፒንንና የሚያሸናውን ክሎርታሊዶንን ሲያወዳድር፣ ጥቁር ተሳታፊዎች መካከል ሊሲኖፕሪል የወሰዱት ክሎርታሊዶን ከወሰዱት ይልቅ በስትሮክ የመጠቃት ዕድላቸው 40 በመቶ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል፤ ግፊታቸውም እኩል አልወረደም ነበር። እ.ኤ.አ. 2019 ደግሞ ክሪዮል የተባለው ጥናት በስድስት ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ሁለት ሁለት መድኃኒት አጣምሮ ሞከረ (ኢትዮጵያ አልነበረችበትም)። አምሎዲፒን ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋርም፣ አምሎዲፒን ከፔሪንዶፕሪል ጋርም እኩል ጥሩ ወጡ። ወደ ኋላ የቀረው ፔሪንዶፕሪል ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር የተጣመረው ነበር።

ከዚህ የምወስደው፦ ደም ብዛት ብቻ ያለበት ሰው በአምሎዲፒን ይጀምር፤ ሁለተኛ ሲያስፈልግ «ፕሪል»ም የሚያሸና መድኃኒትም ይሆናል። ኢናላፕሪል ብቻውን ከ5 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 40 እየተጨመረ ዓመት የሚያልፍበት ካርድ ግን የመጥፎ ሥራ ምልክት ነው። ዝቅተኛ መጠን ያላቸው ሁለት መድኃኒቶች ከአንድ ጣሪያ የነካ መድኃኒት ይሻላሉ።

ሌላው፣ ልብ ድካም ላለበትና ሽንቱ ውስጥ አልቡሚን ላለበት የስኳር ታማሚ ይህ ክርክር አይመለከተውም። እዚያ የሚሰጠው ግፊት ለማውረድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. 1987 በወጣው ጥናት በጣም የከፋ የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎች ላይ ኢናላፕሪል በስድስት ወር ውስጥ ሞትን በ40 በመቶ ቀንሷል። ግፊቱ 110 የሆነ የልብ ድካም ታማሚ «ግፊቴ ደህና ነው» ብሎ ሲያቆም የሚያቆመው ሌላ ሥራውን ነው።


ተጠራጣሪ · ረቡዕ 2፡41 ምሽት

እሺ፣ ተቀበልኩ። ካርዱን ግን ብዙ ቦታ ታየዋለህ።


አዋላጅ · ሐሙስ 3፡10 ጠዋት

እርግዝናን ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳው። በእርግዝና «ፕሪል»ም «ሳርታን»ም አይወሰድም። የፅንሱ ኩላሊት የሚያድገውና የሚሠራው በአንጂዮቴንሲን ነው። ያ ሲዘጋ ፅንሱ አይሸናም። የእንሽርት ውሃ አብዛኛው የፅንሱ ሽንት ስለሆነ ውሃው ያንሳል፣ ሳንባው አያድግም፣ የራስ ቅሉ አጥንት በደንብ አይገጥምም። ጉዳቱ የከፋው ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው፤ ቀድሞ ማቆሙ ግን የተሻለ ነው።

ስለዚህ በወሊድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ሲታዘዝ ሁለት ጥያቄ ይቅደም፦ የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር? ለመውለድ አስበሻል? ላረገዘች ሜቲልዶፓ፣ ቀስ ብሎ የሚለቅ ኒፌዲፒን ወይም ላቤታሎል ይተካል። ይዛ መሆኑን ሳታውቅ ለጥቂት ሳምንታት የወሰደችም አትደናገጥ፣ ኪኒኑን ታቁምና በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ትምጣ፤ ምትክ ሳይሰጣት ግን ግፊቷ እንዲወጣ መተው አይደለም።

ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ፦ ከወለደች በኋላ ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪል ወደ ጡት ወተት የሚገቡት በጣም ጥቂት ስለሆነ ጤነኛ፣ ቀኑን ጠብቆ የተወለደ ልጅ ለምታጠባ እናት ይታዘዛሉ። «በእርግዝና ተከልክያለሁ፣ ስለዚህ ጡት ላስጥል» ማለት ስህተት ነው።


ዳላስ_ፋርም · ሐሙስ 9፡25

በሻንጣ ስለሚላከው። እዚህ አሜሪካ በጣም ከሚታዘዙት አንዱ ሊሲኖፕሪል ነው፤ 90 ፍሬ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ለእናት ለአባት ይላካል። ከኢናላፕሪል የሚለየው ጉበት ሳይቀይረው የሚሠራ መሆኑ ነው፤ የሚወጣውም እንዳለ በኩላሊት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለሚቆይ አንዴ ይበቃል። ሚሊግራም በሚሊግራም ተቀራራቢ ነው፤ 10 ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው 10 ሊሲኖፕሪል ይተካለታል ብሎ መነሳት ይቻላል፣ ከዚያ በልኬት ማስተካከል።

ስህተቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ እናትየው ከሠፈር የሚወስዱት ኢናላፕሪል እያለ የተላከውንም ይጨምራሉ፣ «ይኼኛው የአሜሪካ ነው» ብለው። ሁለቱም «ፕሪል» ናቸው፤ መደራረብ ነው። ሎሳርታንም ከተላከ አብሮ አይወሰድም። እ.ኤ.አ. 2008 በራሚፕሪልና በቴልሚሳርታን የተሠራው ትልቅ ጥናት ሁለቱን ማጣመር ጥቅም ሳይጨምር የኩላሊት ጉዳትን እንደሚያበዛ አሳይቷል። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ ላይ ሁለት ቁጥር በሰረዝ ተጽፎ ካያችሁ፣ 20 እና 12.5 ለምሳሌ፣ ሊሲኖፕሪልና ኤች ሲ ቲ በአንድ ኪኒን ማለት ነው። ሰውየው ለብቻው ኤች ሲ ቲ የሚወስድ ከሆነ እጥፍ ሆነበት። ቀለምና ቅርጽ አትመኑ፣ ፋብሪካው ሲቀየር ይቀየራል። ስም ይነበብ።


ጠያቂው_2 · ሐሙስ 1፡00 ምሽት

በጾም ወቅትስ? እስከ 9 ሰዓት ውሃም የማይቀምሱ አሉ፤ በረመዳንም እንዲሁ።


ጤና_መኮንን_ወሎ · ሐሙስ 1፡30 ምሽት

ኢናላፕሪል ምግብ ስለማይፈልግ ሰዓቱን ማዛወር ቀላል ነው። ጠዋት የሚወስደው ወደ ማታ ይዛወር። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወስድ ሙስሊም አንዱን በኢፍጣር፣ ሌላውን በሱሁር። የሚያሸናው መድኃኒት ለመኝታ ሲሆን ሌሊቱን ያመላልሳል፤ ለኦርቶዶክስ ጿሚ 9 ሰዓት ላይ ጾሙን ሲፈታ ቢወስደው ይሻላል። ካፕቶፕሪል የሚወስድ ሰው ከጾሙ በፊት ሐኪሙን አናግሮ በቀን አንዴ ወደሚወሰደው ቢቀየር ያርፋል። ለውጡ ጾሙ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሁን፣ ግፊቱ ተለክቶ እንዲታይ።

ጠበል ሲገቡ መድኃኒት የሚያቆሙም አሉ። ኢናላፕሪል ሲቆም ግፊቱ ክሎኒዲን የሚባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት ሲቆም እንደሚሆነው በአንድ ሌሊት አይተኮስም፤ በቀናት ውስጥ ግን ወደነበረበት ይመለሳል፣ ራስ ምታትም ላይኖር ይችላል። ጠበሉን ጠጥቶ ብዙ ያስመለሰ ሰው ደግሞ ወንፊት ከላይ የጻፈውን የትውከት መመሪያ ይከተል። ከሃይማኖቱ ጋር መጣላት አያስፈልግም፤ ኪኒኑ ከጠበሉ ጋር አይጣላም ብሎ መንገር ይበቃል።


ሲስተር_ሪያድ · ሐሙስ 2፡15 ምሽት

ስለ እብጠቱ በርዕሱ ላይ ጠቅሳችሁ ዝም አላችሁ። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት በድንገት ካበጠ፣ ሽፍታና ማሳከክ ከሌለው፣ ብራዲካይኒን ነው ብላችሁ ጀምሩ። ከሺህ ሰው በጥቂቱ ላይ ነው የሚደርሰው፤ ጥቁሮች ላይ ግን ከነጮች በብዙ እጥፍ ይበዛል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ይበረታል፣ ግን አምስት ዓመት ያለ ችግር የወሰደ ሰው ላይም ይመጣል፤ «ድሮ የለመድኩት ኪኒን ነው» መከላከያ አይሆንም። ሂስታሚን ስላልሆነ የአለርጂ መርፌዎች፣ አድሬናሊንን ጨምሮ፣ ቢሰጡም እንደ ተራ አለርጂ አይመልሱትም። ስለዚህ ዓይናችሁ የአየር መንገዱ ላይ ይሁን፦ ድምፅ ከጎረነነ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ምላስ ከወፈረ፣ ቱቦ ማስገባት የሚችል ሰው ወዳለበት ወዲያው። ቤት ተቀምጦ በረዶ መያዝ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በሕይወት ዘመኑ ማንኛውንም «ፕሪል» አይነካም፤ ካርዱ ላይ በቀይ ይጻፍ፣ ለራሱም ወረቀት ይሰጠው።


ቱቦና_መርፌ · ሐሙስ 2፡20 ምሽት

ይህ ሁሉ ጣጣ ከእባብ መርዝ የመጣ ነው መባሉ እውነት ነው?


ባለባንኮኒ · ሐሙስ 2፡52 ምሽት

እውነት ነው። ጃራራካ የምትባል የብራዚል እፉኝት አለች፣ መርዟ ግፊትን ይጥላል። ብራዚላዊው ሰርጂዮ ፌሬይራ እ.ኤ.አ. በ1965 መርዙ ውስጥ የብራዲካይኒንን ጉልበት የሚያበረታ ነገር እንዳለ አሳተመ። ከዚያ ለንደን ጆን ቬን ዘንድ ይዞት ሄደ፤ ያ ነገር ኤሲኢንም እንደሚያግድ ታወቀ። ከመርዙ የተገኘው በመርፌ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ሆድ ውስጥ ይፈጫል። ስኩዊብ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦንዴቲና ኩሽማን የዚንኩን ቦታ አስበው በአፍ የሚወሰደውን ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ። ብራዲካይኒኑ ከመጀመሪያው ታሪኩ ውስጥ ነበር እንጂ ዘግይቶ የመጣ ጣጣ አይደለም።


ጠያቂው_2 · ሐሙስ 3፡30 ምሽት

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የመጨረሻ፦ ጠዋት የረሳ ሰው ማታ ሁለት ይውሰድ?


ባለባንኮኒ · ሐሙስ 3፡34 ምሽት

አይደራርብ። በቀን አንዴ የሚወስድ ከሆነ ባስታወሰበት ሰዓት አንዱን ይውሰድ፤ የነገው ሰዓት ከተቃረበ የተረሳውን ይተወውና በነገው ይቀጥል። ኪኒኑ 10 ሆኖ 5 የታዘዘለት ደግሞ መሃሉ ላይ መስመር ካለው ብቻ ይክፈለው፤ ከሌለው 5ቱን ይጠይቅ፣ መድኃኒት ቤት አይጠፋም።